የሌስተር ኢንሱሊን፣ የኤልሮይ ዓይን

ለኦስትሃገን የአደራ ባንክ
የስህተት ወጪዎች ምርመራ ክፍል የበላይ ኃላፊ
ባሉበት (የት እንዳሉ በስልክ ለማወቅ ሞክረን ስላልሆነልን፣ በዌስት ሄልማር ሳምንታዊ ጋዜጣ በኩል)

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። እርስዎ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደህና ናቸው? ስልካችሁ ላይ ሰው ተራ ሲጠብቅ ሳያቋርጥ የሚነፋው ያ ዋሽንተኛስ ትንፋሹ እንዴት ነው? በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ስንሰማው ስለከረምን እንደ ዘመድ ሆኖብናል፤ አንድ ቀን ደጃችን ቢመጣ ራት ሳይበላ አንሸኘውም። እኛ ከአንድ ሰው አንድ ዓይንና ከአንድ ውሻ ቆሽት በስተቀር ለክፉ አይሰጠንም።

ጉዳዬ ባጭሩ ይህ ነው። ባለቤቴ ኤልሮይ ቴሽ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ስለሸፈናቸው ከመሪው ተነሥቷል። የፋሲካ ዕረፍት እስኪያልቅ ታክሞ ካልተመለሰ መስመሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ መስመሩ ከሄደ ሥራው ይሄዳል፣ ሥራው ከሄደ የጤና መድናችን ይከተለዋል። ለመታከሚያ ብሎ ያጠራቀመው ገንዘብ አለው። ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። ችግራችንም ይኸው ነው።

የጋዜጣው አንባቢዎች ግራ እንዳይገባቸው፣ እርስዎ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁትን ነገር በድፍረት ልድገመው። የጤና ቁጠባ ሂሳብ ማለት ከኤልሮይ ደመወዝ ላይ ግብር ሳይነካው ተቀንሶ እናንተ ዘንድ በአደራ የሚቀመጥ፣ ለቤተሰብ ሕክምና ብቻ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ለሌላ ነገር ያወጣው ሰው ግብሩን ይከፍላል፤ በላዩም ከመቶ ሃያ ይቀጣል። ሕጉ ቤተሰብ ሲል ውሻን አይጨምርም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሌስተርን አያውቁትማ።

ሌስተር ውሻችን ነው። ስኳር አለበት። የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘለት ኢንሱሊን ሰው የሚወጋው ያው ኢንሱሊን ስለሆነ የምንገዛው ከዋናው መንገድ መድኃኒት ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ የእንስሳ መድኃኒት የሚመዘገበው በባለቤቱ የቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ በመድኃኒት ቤቱ መዝገብ ውሻችን «ሌስተር ቴሽ» ይባላል፤ ከአንዳንድ የሥጋ ዘመዶቼም የተሻለ ስም አለው። ባለፈው ዓመት መግቢያ ላይ መድኃኒት ቤቱ ካርድ መዝግቦ ይዞ ሂሳቡን በራሱ ጊዜ መቁረጥ ሲጀምር፣ ፋርማሲስቷ ኤልሮይን «የቴሾቹን ሁሉ በዚህ በጤና ካርድዎ ላድርገው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም የራሱን የደም ግፊት ኪኒንና የእኔን የእንቅርት መድኃኒት አስቦ «ሁሉንም! ምን ይቀራል?» አላት። የሚቀርስ ነበረ፤ ባለ አራት እግሩ።

እናንተ በየወሩ የምትልኩትን መግለጫ «አነበብከው?» ስለው «አንብቤዋለሁ» ይለኝ ነበር። ዓይኑ መጨለሙን ለሚስቱ ከሚናገር ለባንክ ቢከስር የሚመርጥ ወንድ ነው ያገባሁት።

ነገሩ የፈነዳው በፌብሩዋሪ፣ አንድ ዓርብ፣ በባዝ መጠጥ ቤት ነው። ዓርብ ዓርብ ከተማው በሙሉ እዚያ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል፤ ግብራችንን የምትሠራልን ሮክሳን ቡድሪም ወቅቱ ሲደርስ ከጎረቤት ከተማ ቢሮዋን ዘግታ ትመጣና የባዝን ጥግ ትይዛለች። ደንበኛው ዓሣውን እሷ ወረቀቱን እየገለበጡ ግብር ይሠራል። እናንተ የላካችሁትን የዓመቱን የወጪ ወረቀት ከመድኃኒት ቤቱ ደረሰኝ ጋር ስታስተያይ ቆይታ ቀና አለች።

«ኤልሮይ፣ ሌስተር ማነው?»

«እንዴት ማነው? ሌስተር ነዋ!»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አንድ ሞላው። ምነው?»

«አንተ ሰውዬ! ይህን ያህል ዘመን ልጅ ደብቀህ ነው ግብር የምታሠራኝ? በልጅ የሚቀነስልህን ገንዘብ ሁሉ እኮ ሜዳ ላይ ደፋኸው! ለመሆኑ ትምህርት ቤት ገብቷል?»

«አንዴ አስገብተነው ነበር። መምህሯን ነክሶ አባረሩት።»

ባዝ ከባንኮኒው ጀርባ «ውሻው ነው ሮክሳን! ያ ጆሮ ትልቁ!» ብሎ ባይጮህ ኖሮ ሌስተር እዚያው ለደብተርና ለእርሳስ መግዣ ተቀናሽ ይጻፍለት ነበር። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሮክሳን ብቻ አልሳቀችም፤ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ሳቁ፣ ሳቁ። ይሄ እኮ ቅጣት አለበት» አለች። «ደግነቱ አውቀህ አላደረግኸውም፤ የራስህ መድኃኒት መስሎህ ነው። እንዲህ በስህተት የወጣን ገንዘብ ከኤፕሪል አሥራ አምስት በፊት ከመለስክ እንዳልወጣ ይቆጠርልሃል። ግን ባንክህ ልቀበል ካለ ነው የሚቀበልህ፤ ሕጉ አያስገድደውም። ደውልና ጠይቅ። እሺ ካሉህ የስህተት ወጪ ተመላሽ መሆኑን ከሚገልጸው ቅጽ ጋር ላክ። ተራ ተቀማጭ አድርገው ከመዘገቡት ግን አለቀልህ። ያለፈውን ዓመት የቁጠባ ጣሪያ ሞልተሃል፤ ትርፍ ይባልና እስኪወጣ ድረስ በየዓመቱ ቅጣት ይወልዳል።»

ደወልን፤ የእናንተም ሰው «በደስታ እንቀበላለን» አለን። ገንዘቡን ከነቅጹ ላክን። እነሆ፣ ከዚያ ወዲህ የተዋለልንን ውለታ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሦስቱ ደብዳቤዎች። በአንድ ቀን፣ በአንድ ፖስተኛ እጅ ሦስት ደብዳቤ ስለላካችሁልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። የመጀመሪያው «ባለፈው ዓመት ሂሳብዎ ላይ ተጨማሪ ስለቆጠቡ እንኳን ደስ አለዎ» ይላል፤ ጥጉ ላይ አበባ ታትሞበታል። ሁለተኛው «በዓመት ከተፈቀደው በላይ ስላስገቡ ቅጣት ሊከተልዎ ይችላል» ይላል፤ አበባ የለውም። ሦስተኛው «ያልተለመደ እንቅስቃሴ ስለታየ ምርመራው እስኪያልቅ ሂሳብዎ ታግዷል» ይላል። መመስገን፣ መወቀስና መታሰር በአንድ ማለዳ! ሰው ይህን ሁሉ ከገዛ እናቱም አያገኝም። ሮክሳን ሦስቱንም ካየች በኋላ «ተቀማጭ አድርገው መዝግበውታል፤ አበባውን አታዩም? ለተመላሽ ማን አበባ ይልካል?» አለች። በቅጻችን ላይ ግን «የስህተት ወጪ ተመላሽ» የሚለው በትልልቁ ተጽፏል፤ ኤልሮይ እንኳ በዚያ ዓይኑ አንብቦታል። አሁን ገንዘቡ እናንተ ዘንድ ቢቀመጥ ትርፍ ነው ተብሎ ያስቀጣናል፤ ቢወጣ ለውሻ ወጣ ተብሎ ያስቀጣናል። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ሁለተኛ፤ ስለ ሌስተር ፈቃድ። እገዳው እንዲነሣልን ስንደውል፣ ዋሽንቱ ካለቀ በኋላ ታሊያ የምትባል ድምፀ መልካም ልጅ አነሣችልን። ልጅቷን እንዳትቆጧት አደራ፤ ከመሥሪያ ቤታችሁ ያዘነችልን ብቸኛ ሰው እሷ ናት።

«ወይዘሮ ቴሽ፣ የሌስተርን የሕክምና መረጃ ለእርስዎ መግለጥ አልችልም። ራሱ ስልኩ ላይ ይቅረብልኝ።»

«ውሻ ነው እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ይገባኛል። ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በላይ ነው ወይስ በታች?»

«በሰው አቆጣጠር ነው በውሻ?»

የኮምፒውተሯን ቁልፎች ስትነካካ ይሰማኛል። «ሲስተሙ ሌላ የሚል ምርጫ አልሰጠኝም» አለችኝ እያዘነች። «እሱ ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፈኝም።»

ኤልሮይ ይህን ሲሰማ ሌስተርን ከምንጣፉ ጎትቶ ስልኩ አፍ ላይ አቆመው። ሌባ ሲመጣ እንኳ የማይጮኸው ውሻ ያን ቀን ቤቱን አናወጠው።

«ወይዘሮ ቴሽ» አለች ልጅቷ፣ «ይሄ ፈቃድ ነው ተቃውሞ?»

በጽሑፍ ይሁን ስላለች መዳፉን ቀለም ነክረን የፈቃድ ቅጹ ላይ አሳረፍነው። ተመለሰልን፤ ምክንያቱም «ፊርማው ከሳጥኑ ወጥቷል» የሚል ነበር። መዳፉ ትልቅ ነው፤ ስለ ተፈጥሮው ይቅርታ እንጠይቃለን። ስህተት ለመሆኑ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ አምጡ ስላላችሁን ደግሞ የሐኪሙን ደብዳቤ ከሌስተር ፎቶ ጋር ላክን፤ እሱም «የግለሰቡን ጆሮዎች ከፊቱ ላይ አንሥታችሁ ሌላ ፎቶ ላኩ» ከሚል መልስ ጋር ተመለሰ። በዚያው ፖስታ ውስጥ ሌስተር ቴሽ የራሱን የጤና ቁጠባ ሂሳብ እንዲከፍት የሚጋብዝ ወረቀት አገኘን። እያሰበበት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ባለቤቴ ዓይን። እዚህ ላይ ምላሴን ትንሽ ሰብሰብ አደርጋለሁ። መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያው ድርሻ የእኛ ስለሆነ ክሊኒኩ ገንዘቡን በቅድሚያ ይፈልጋል። ማርች ሲገባ በቀጠሯችን ሄደን የጤና ካርዱን ለገንዘብ ተቀባይዋ ሰጠናት፤ መለሰችልን።

«አይሠራም። ሌላ ካርድ አላችሁ?»

«ገንዘቡ እኮ አለ» አላት ኤልሮይ። «የራሴ ነው።»

«አባቴ፣ የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ» አለችው፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ደክሟት ነው። ቀጠሮው ተሰረዘ።

ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ ጭኖ የነዳ ሰው ከጎኔ እንደ ዕቃ ተቀምጧል። ከፊታችን አንድ የተማሪ አውቶቡስ ይሄድ ነበር። ኤልሮይ ብዙ አየውና «ቀለሙ ይታየኛል፤ ቁጥሩ ግን የለም» አለኝ። በዚያው ሳምንት በእሱ ቦታ የተተካው ጎረምሳ የክሩገርን መንትዮች በረዶ ላይ ቆመው እያያቸው፣ የፖስታ ሣጥን መስለውት አልፏቸው ሄደ። እናታቸው ደወለችና «ኤልሮይ፣ አንተ መቼ ነው የምትመለስልን?» ስትለው «ባንኩን ጠይቂው» አላት። ይኸው በአደባባይ እየጠየቅንላት ነው።

አራተኛውን ቅሬታ ኤልሮይ «ይህንንስ አውጪው፤ ጋዜጣውን ቄሱም ያነቡታል» ስላለኝ አውጥቼዋለሁ። እርስዎን በአካል ያገኘሁ ዕለት በቃሌ አቀርበዋለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ሐቀኝነት። ይህን ስህተት ማንም አላገኘብንም። እናንተም፣ መንግሥትም፣ መድኃኒት ቤቱም አላወቃችሁም። ራሳችን አግኝተን፣ ራሳችን ከፍለን፣ ራሳችን ተናገርን። የኤልሮይ ወንድም ቨርን ይህን ሲሰማ ራሱን ይዞ ነበር የጮኸው።

«ጤና የላችሁም እንዴ? ውሻ አፍ የለው! ዝም ብትሉ ማን ሊመሰክርባችሁ?»

«ልጆች ጭኜ ቀይ መብራት የማልጥሰው ፖሊስ ፈርቼ ነው?» አለው ኤልሮይ።

ቨርን ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ቨርንን ክርክር ሳያሸንፍ ያስወጣ ሰው ከተወለድኩ አላየሁም። ይሁን እንጂ ክቡር ሆይ፣ ዝም ብንል ኖሮ አጭበርባሪዎች ሆነን ዛሬ በሁለት ዓይን እናይ ነበር፤ ስለተናገርን ተጠርጣሪዎች ሆነን በጨለማ ተቀመጥን። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ሰዎቹ ራሳቸው ጅቡን ጠርተው «ጌታዬ፣ ቀዳዳው በዚህ በኩል ነው» ይሉታል ብሎ ግን ተረቱን የፈጠረው ሰው አላሰበም።

ከተማው ግን ዝም ብሎ አላየንም። ባለፈው ሳምንት ባዝ ለኤልሮይ ዓይን የሥጋ ሎተሪ አወጣ። ሰው ትኬት ይገዛል፣ መንኮራኩሩ ይሽከረከራል፣ ቁጥሩ የወጣለት ሥጋውን ታቅፎ ይወጣል፤ ትርፉ ለችግረኛው ነው። «ለቀኙ ዓይን! ለቀኙ!» እያለ ባዝ ባንኮኒው ላይ ወጥቶ ይጮህ ነበር። «ይቺ ቋሊማ የኤልሮይ ብሌን ናት! ጨክኖ የሚያልፋት ማነው?» ቨርን ሳይቀር ዶሮ ደረሰውና መልሶ ለጨረታ አቀረበው። በዚያ ገንዘብ ቀኝ ዓይኑ ተሠራ።

በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሣለት ቤት ገብቶ ኩሽናው መሃል ቆመና ዙሪያውን አየ።

«ዶሪን፣ ግድግዳው ነጭ ነው እንዴ?»

«ነጭ ነዋ። መቼ ተለወጠ?»

«ቢጫ የቀባሽው መስሎኝ ነበር። አላማረኝም፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

በስንት ሌላ ነገር ዝም እንዳለኝ አልጠየቅሁትም። ወደ ማጠቢያው ዞሬ ሳህን ሳጥብ ቆየሁ፤ ሳህኑ ንጹሕ ነበር።

አንድ ዓይን ግን አውቶቡስ አይነዳም፤ የነጂዎች ሕግ ሁለቱንም ይፈልጋል። ግራው ከፋሲካ በፊት ባለው ማክሰኞ ተቀጥሯል። ባዝ ሁለተኛ ሎተሪ ለማውጣት ሥጋውን አዘጋጅቷል፤ ኤልሮይ ግን «በቃ። አንዴ ሲሆን ጉርብትና ነው፤ ሁለቴ ሲሆን ልመና ነው። የራሴ ገንዘብ አለኝ» ብሏል፤ እኔም ልክ ነህ ብዬዋለሁ።

ስለዚህ የምንለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የመለስነውን ገንዘብ እንደ ተመላሽ መዝግባችሁ የዓመቱን ወረቀት አርሙልን፤ ይህም ከኤፕሪል አሥራ አምስት በፊት ይሁን። ሂሳቡንም ከማክሰኞው በፊት ክፈቱልን። ሦስተኛ ውለታ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ሁለቱ እስኪፈጸሙ አቆዩት፤ የእናንተን ሦስተኛ ነገር እናውቀዋለን።

ለወሰዳችሁት ጊዜ፣ ለነፈጋችሁን እንቅልፍና በዚህ ዕድሜያችን ላስተማራችሁን ትዕግሥት እጅ እየነሣሁ፣ ምርመራችሁ አጭር፣ ዕድሜያችሁ ረጅም፣ ብሌናችሁም እስከ እርጅና የጠራ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ ብዙም ሳልጎነበስ (ወገቤም የሕክምና ወጪ አለበትና)፣

ዶሪን ቴሽ
ስለ ራሴ፣ ዓይኑ በግማሽ ስለ በራለት ባለቤቴና ፊርማው ሳጥን ስለማይበቃው ውሻችን

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የሎተሪው ዋና ዕጣ፣ በጭስ የበሰለው ትልቁ የአሳማ ታፋ፣ የደረሰው ለእናንተው የዌስት ሄልማር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ዌንደል ፕሮክኖው ነው። ደግ ሰው ነው፤ ትኬቱንም በገዛ ገንዘቡ ነው የገዛው። ስለ ጉዳያችን ስጠይቀው «ዶሪን፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ነገሩ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ይለኛል። ማቀዝቀዣው ስለሞላበት ታፋውን እስከ ፋሲካ እኛ ዘንድ አደራ አስቀመጠ። ትናንት ሊወስድ ሲመጣ በታፋው ላይ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ስለታየ መታገዱን በትሕትና ገለጽኩለት። «ተይ እንጂ ዶሪን! አማቴ ለፋሲካ ከሺቦይገን ትመጣለች፤ ታፋ አለ ብያታለሁ!» አለኝ። «እኔ ምን ላድርግ ዌንደል፤ ነገሩ ያለው ዋናው ማቀዝቀዣ ነው» አልኩት። ሄዶ ለአማቱ እውነቱን ተናዟል። አማትየዋ ወይዘሮ ኤርምጋርድ ዛሬ ጠዋት ደውለው ታሪኩን ከሥሩ አስተረኩኝ፤ የእርስዎንም መሥሪያ ቤት አድራሻ ሁለት ጊዜ አስደግመው ጻፉ። በስልክ የሚያምኑ ሴት አይደሉም። ሰኞ ይነሣሉ። ይህ ደብዳቤ ባይደርስዎ እንኳ እሳቸው ይደርሳሉ።